የምን ውስጥ? የምን ውጪ?



«የውስጥ መስመር» እና «የውጭ መስመር» የሚባሉት ቃላት ከአንዱ የሙያ መስክ ወደ ሌላው ሲሻገሩ መልካቸውን ይለውጣሉ። በመሥሪያ ቤት ስልክ የውስጥ መስመር ከቢሮ ወደ ቢሮ ያገናኛል፤ ከግቢ ውጪ ለመደወል ደግሞ የውጭ መስመር ያስፈልጋል። ይህ ለማንም ግልጽ ነው፤ ግቢው ይታያላ! በጂኦሜትሪና በጦር ታሪክ ግን ወሰኑ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው ተማሪው ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩን አይጨብጥም።

ከጂኦሜትሪ እንጀምር። ሁለት ትይዩ መስመሮችን ሦስተኛ መስመር ሲያቋርጣቸው ስምንት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። በመካከል ያሉት አራቱ ውስጣዊ፣ የቀሩት ውጫዊ ይባላሉ። ይኼ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የጎነ ሦስት ከፍታ ነው። ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ ከፍታው ውስጡ የሚወድቅ ጎነ ሦስት ብቻ ከተሳለ፣ ልጁ ከፍታ ማለት የውስጥ መስመር ነው ብሎ ይደመድማል። እስቲ መሠረቱ 4 ሳ.ሜ. የሆነ ጎነ ሦስት እንሳል፤ ጫፉ ግን ከመሠረቱ ቀኝ ጠርዝ 2 ሳ.ሜ. አልፎ፣ 3 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ይቀመጥ። እውነተኛው ከፍታ ከምስሉ ውጪ ይወድቃል፤ መሠረቱን በነጠብጣብ ማስረዘም ግድ ነው። ስፋቱ 4 × 3 ÷ 2 = 6 ካሬ ሳ.ሜ. ይሆናል። ከጫፉ ወደ መሠረቱ በውስጥ የሚሰመር መስመር ግን ምንም ቢያጥር ከ3.6 ሳ.ሜ. አያንስም። ስለዚህ «ከፍታ ውስጥ ነው» ብሎ የተማረ ልጅ ስፋቱን ቢያንስ 7.2 ያደርሰዋል። ማባዛት አላቃተውም እኮ፤ የተሳሳተው ሥዕሉን ያሳየው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ውስጡ የሚጠቅምበትን እንይ። የ3 ሜትር ገመድ ከችካል ጋር አስረን ሜዳ ላይ ክብ እናስምር። አንድ ልጅ በመሃል ሰንጥቆ ወደ ማዶ ሲሮጥ 6 ሜትር ይሄዳል። ጠርዙን ይዞ የሚዞረው ግን 3.14 × 3 = 9.42 ሜትር ይጠብቀዋል። የጦር ሊቃውንት የውስጥ መስመር የሚሉት ይህንኑ ብልጫ ነው። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው በናፖሊዮን ጦር ያገለገለው የስዊስ ተወላጅ አንትዋን አንሪ ጆሚኒ ነበር።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1863 በጌቲስበርግ፣ የሰሜኑ ጦር መንጠቆ በመሰለ ቅርጽ 5 ኪ.ሜ. ያህል ይዞ ሲሰለፍ፣ በውጪ የነበረው የደቡብ ጦር 8 ኪ.ሜ. ያህል መዘርጋት ነበረበት። ጁላይ 2 ቀን ግራ ክንፉ የተጨነቀበት የሰሜኑ አዛዥ ጆርጅ ሚድ ከቀኝ ክንፉ፣ ከልፕስ ሂል ከተባለው ኮረብታ፣ ወታደር በአጭሩ መንገድ አዛወረ። ታዲያ የተለቀቀውን ምሽግ በከፊል ደቡቦች ገብተው ያዙት! በማግስቱ ለማስለቀቅ ሰዓታት የፈጀ ውጊያ ጠየቀ።

ናፖሊዮንም እ.ኤ.አ. በ1813 በላይፕሲግ መሃል ላይ ነበር። የሩሲያ፣ የፕሩሺያ፣ የኦስትሪያና የስዊድን ጦሮች ከየአቅጣጫው ሲጠጉት መሃሉ ጠበበና ተሸንፎ ወደ ምዕራብ አፈገፈገ። ይህን ለተማሪ ለማሳየት ገመዱን ማሳጠር ይበቃል። 3 ሜትር ሲሆን በውስጥ የሚሮጠው ልጅ ትርፉ 3.42 ሜትር ነበር፤ ገመዱ ግማሽ ሜትር ሲሆን 57 ሳ.ሜ. ብቻ ይቀረዋል።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ አንድ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ የጎበጠ ጎነ አራት ሳሉ። ተቃራኒ ማዕዘኖችን ከሚያገናኙት ሁለት መስመሮች አንዱ የት ይወድቃል? መልሱን ከነሥዕሉ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ክተቱልን።