ሰማያዊው ምስል ለምን ይበላሻል? ሲያኖታይፕ በለቡ ፀሐይ

ፎቶግራፍን ያለ ካሜራ በእጅ ማተም ይቻላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 ሲያኖታይፕ የተባለውን ዘዴ ሲያገኝ፣ ብርሃን በብረት ጨዎች ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ለምስል ሥራ አዋለው። በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1843 አና አትኪንስ የአልጌዎችን ምስል በዚሁ ዘዴ እያተመች በመጽሐፍ መልክ ማውጣት ጀመረች። በኋላም መሐንዲሶች ንድፋቸውን የሚያባዙበት ሆነ፤ «ብሉ ፕሪንት» የሚለው ስያሜም ከዚያ መጣ።

ዘዴው ቀላል ቢመስልም ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የደበዘዘ፣ የቆሸሸ ወይም በእጥበት ጊዜ ተጠርጎ የሚሄድ ምስል ነው። ያን ጊዜ «ኬሚካሉ ተበላሽቷል» ብሎ መደምደም ይቀናል። ነገር ግን ያለ ማስረጃ የተደፋ ጠርሙስ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቀላል ኪሳራ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ በደቡብ አዲስ አበባ በለቡ ሰፈር የሚሠራ ተማሪ የብልሽቱን ምክንያት እንዴት ለይቶ ማወቅ እንደሚችል እንመለከታለን።

በወረቀቱ ላይ የሚካሄደው ለውጥ

በተለመደው አሠራር 25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ለየብቻቸው በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟሉ። በሥራው ሰዓት ከሁለቱ እኩል መጠን ተቀላቅሎ በደብዛዛ አምፖል ብርሃን ወረቀት ላይ ይቀባል፤ ከዚያም በጨለማ ይደርቃል። በላዩ ኔጋቲቭ ወይም ቅጠል ተደርጎ፣ በመስታወት ተጭኖ ለፀሐይ ይጋለጣል።

አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ባለ ሦስት ቻርጁ የብረት አዮን ከሲትሬቱ አንድ ኤሌክትሮን ወስዶ ባለ ሁለት ቻርጅ ይሆናል። ይህም ከፌሪሲያናይዱ ጋር ተዋህዶ ፕሩሲያን ብሉ የተባለውን፣ በውኃ የማይሟሟ ሰማያዊ ቀለም ይፈጥራል። ብርሃን ያልነካው ጨው ግን ታጥቦ ይወጣል። እንግዲህ ውጤቱን የሚወስኑት ብርሃኑ፣ ወረቀቱ፣ ውኃውና የኔጋቲቩ አቀማመጥ ናቸው።

የፀሐይዋ ጉዳይ

በአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ የሚሰጠውን የደቂቃ ብዛት እንዳለ መውሰድ ለምን እንደማይበጅ በስሌት ማየት ይቻላል። ለቡ የሚገኘው በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ነው። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በዚያው ዕለት በለንደን ከፍታዋ 15 ዲግሪ ብቻ ነው። ጨረሩ በአየር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን 1 ቢባል፣ በለቡ 1.2፣ በለንደን ግን ወደ 4 የሚጠጋ ይሆናል። በተጨማሪም ለቡ ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር ጥንካሬም በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ስለዚህ የራሳችንን ጊዜ በራሳችን መለካት ይኖርብናል። አንድ ቁራጭ ወረቀት በካርቶን እየሸፈንን ክፍሎቹን ለ1፣ ለ2፣ ለ4፣ ለ8 ደቂቃ እናጋልጥ። ጊዜውን በእጥፍ የምናሳድገው ወረቀቱ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ከጭማሪው ይልቅ ከእጥፉ ጋር ስለሚሄድ ነው።

የሳንቲሙ ፈተና

ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ ከመጋለጡ በፊት ወይስ በኋላ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ሙከራ በወረቀቱ ጥግ የአንድ ብር ሳንቲም እናስቀምጥ። ከታጠበ በኋላ ከሳንቲሙ ሥር ያለውም ሰማያዊ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከፀሐይዋ አይደለም፤ ቅልቅሉ ቆይቷል፣ ወረቀቱ ሲደርቅ ብርሃን ነክቶታል ወይም እጥበቱ አልበቃም። ከሥሩ ያለው ነጭ ሆኖ ሌላው ከጠቆረ ግን ጊዜው በዝቷል፤ ወይም ኔጋቲቩ ጨረሩን ለማገድ ሳስቷል።

የግማሽ ወረቀት ፈተና

በእጥበት ጊዜ የውኃውን ቀለም እንመልከት። ቢጫ ከሆነ ያልተለወጠው ጨው እየወጣ ነውና የሚጠበቅ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ምስሉ ራሱ እየሄደ ነው፤ የተጋለጠበት ጊዜ አንሷል፣ ቅቡ ወፍሯል ወይም ወረቀቱ ቅልቅሉን አልመጠጠም።

ምስሉ መጀመሪያ አምሮ ቆይቶ ከገረጣ ወይም ወደ ቢጫ ካደላ ደግሞ ቤዝነት ያለው ነገር መጠርጠር ይገባል። ፕሩሲያን ብሉ አሲድን ይቋቋማል፤ በቤዝ ግን ይፈርሳል፤ የሚቀረውም ዝገት መሰል የብረት ውሁድ ነው። የአዲስ አበባ ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። ከእሳተ ገሞራ አለት የሚወጣው የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ወደ ቤዝነት ያደላል። ምስሉን ለሁለት ቆርጠን አንዱን በቧንቧ ውኃ፣ ሌላውን ጥቂት ሎሚ በተጨመቀበት ወይም ከሰማይ በቀጥታ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ እንጠብ። ሁለተኛው ብቻ ከዳነ ጥፋቱ የውኃው ነው። ሁለቱም ከገረጡ ወረቀቱን እንመርምር፤ ብዙው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካልሲየም ካርቦኔት አለበት። የኮምጣጤ ጠብታ ሲነካው በማጉያ መነጽር ጥቃቅን አረፋ ከታየ ምስክሩ ይኸው ነው።

ጠርዙ ለምን ይደበዝዛል?

ከወረቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ የቅጠል ጫፍ እንውሰድ። የፀሐይዋ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ በጥላው ጠርዝ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብዥታ ይፈጥራል። ነገር ግን ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ጥላው በ10 ደቂቃ እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ዋናው ምክንያት እንግዲህ የፀሐይዋ እንቅስቃሴ ነው። መፍትሔውም ቅጠሉን በመስታወት አጥብቆ መጫን ነው።

ጥንቃቄ

ፌሪሲያናይድን ከጠንካራ አሲድ ጋር መቀላቀል ወይም በእሳት ማሞቅ መርዛማ ጋዝ ሊያስወጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከሎሚና ከኮምጣጤ ያለፈ አሲድ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ጓንት ይደረግ፤ የሥራው ዕቃም ከምግብ ዕቃ ይለይ።

ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ተማሪ ጥሩ ምስል ቢያገኝ እንኳ ለምን እንዳገኘ አያውቅም። አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ ያቆየ ግን ከተበላሸው ወረቀትም ይማራል። በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰማዩን ሁኔታና የታጠበበትን ውኃ በእርሳስ መጻፍ ይገባል።

መልመጃ፦ የሙከራ ቁራጩን በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት ቀን አዘጋጁ። ተመሳሳይ ሰማያዊ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ጊዜ ከፀሐይዋ ከፍታ ጋር በግራፍ አነጻጽሩ። የ3 ሰዓቱና የ9 ሰዓቱ ውጤት እኩል ይሆናልን? ካልሆነስ ለምን?