አረንጓዴው ምልክት ስለ ምን ይመሰክራል?



በረመዳን ኢፍጣር ሲቃረብ በየዶርሙ ስንት ሰው ስልኩን እንደሚያይ እናውቃለን። የመስጂዱ አዛን ባይሰማ እንኳ አፑ «መግሪብ ገባ» ካለ እጅ ወደ ተምር ይዘረጋል። አፑን የሠራው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፀሐይን አቅጣጫ ራሱ አላሰላም፤ ሌሎች ጽፈው በነጻ የለቀቁትን ላይብረሪ ወስዶ ነው የተጠቀመው። በዚህ እትም የምናየው እንዲህ ያለው ላይብረሪ ትክክል መሆኑን የሚከታተለውን የቢልድና የቴስት አውቶሜሽን ነው። ሶፍትዌር ለምንማር ሙያችን ነው፤ ለማንማርም ጾማችንን ይነካል።

ለምሳሌ «አዛን» የሚባለውን ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ እንውሰድ። ቀመሮቹ የተወሰዱት የቤልጂየሙ የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣን ሜውስ ከጻፉት የስሌት መጽሐፍ ነው። ይኸው ስሌት ለአይፎን በስዊፍት፣ ለዌብ በጃቫስክሪፕት፣ ለአንድሮይድ ደግሞ በጃቫ ተጽፏል። ታዲያ በሦስት ቋንቋ የተጻፈው ስሌት አንድ ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ በምን ይታወቃል? የተለያዩ ከተሞች የሶላት ሰዓቶች በጄሶን ፋይሎች ተቀምጠዋል። በፋይሉ ውስጥ የስሌቱ ዘዴና የሚፈቀደው የደቂቃ ልዩነትም ይጻፋል። ቴስቱ ኮዱ ያወጣውን ሰዓት ከዚያ ጋር ያስተያያል።

ይህን ሰው በእጁ ቢሠራው አንድ ሳምንት ሠርቶ በሁለተኛው ይተወዋል። ስለዚህ ለማሽን ይሰጣል። አንድ ሰው ኮድ ለውጦ ሲልክ፣ ለምሳሌ ጊትሃብ አክሽንስ፣ የሊኑክስ፣ የዊንዶውስና የማክ ኮምፒውተር ለየብቻ ከፍቶ ኮዱን በየአንዳንዱ ላይ ቢልድ ያደርጋል፤ ቴስቶቹንም ያስኬዳል። ካለፈ አረንጓዴ ምልክት፣ ከወደቀ ቀይ። «እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ይሠራል» የሚለው ክርክር እዚህ ያበቃል።

አረንጓዴው ምልክት እንግዲህ ምስክር ነው። ምስክርን ደግሞ ምን እንዳየ እንጠይቀዋለን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ደቂቃ ስህተት እንደሚያሳልፍ ነው። የአስርዮሽ ስሌት ከአንድ ፕሮሰሰር ወደ ሌላው በመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለያይ ይችላል። በአርም ፕሮሰሰር ላይ ለምሳሌ ኮምፓይለሩ ማባዛትና መደመርን በአንድ ትእዛዝ አጣምሮ ሁለት ጊዜ ሊያጠጋጋ የሚገባውን አንድ ጊዜ ብቻ ሊያጠጋጋ ይችላል። ልዩነቱ ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን መግሪብ ልክ 12፡14 ከ30 ሰከንድ ላይ ከወደቀ አንዱ ማሽን 12፡14፣ ሌላው 12፡15 ሊል ይችላል። ለዚህ የ1 ደቂቃ ልዩነት መፍቀድ ያስኬዳል።

ችግሩ ቴስቱ ሲወድቅ ያንን 1 ወደ 5 መለወጥ በጣም ቀላል መሆኑ ነው። ምልክቱ ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። ፀሐይ ግን 1 ዲግሪ ለመንቀሳቀስ 4 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። የ5 ደቂቃ ልዩነት የሚያሳልፍ ቴስት የፈጅርን ማዕዘን በ1 ዲግሪ የሳተ ኮድ በአዲስ አበባ ላይ ዝም ብሎ ያሳልፋል ማለት ነው። የሙስሊም ወርልድ ሊግ ዘዴ ፈጅርን በ18 ዲግሪ፣ የሰሜን አሜሪካው ኢስና በ15 ዲግሪ ያሰላሉ፤ በእኛ አገር ልዩነቱ 12 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለዑለማኦች እንተወው፤ የኮዱ ሥራ የተመረጠውን ዘዴ በትክክል ማስላት ብቻ ነው። ደግሞም ለጾመኛ መግሪብን በአንድ ደቂቃ ማስቀደምና ማዘግየት እኩል አይደሉም፤ ቴስቱ ግን እኩል አድርጎ ያያቸዋል። በእኛ እይታ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚፈቀደውን ልዩነት ማስፋት የሐሰት ምስክር ከማቆም ብዙ አይርቅም።

የከተሞቹ ምርጫም እንዲሁ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ በሰኔ ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ድረስ አትወርድም፤ ቀመሩ መልስ ያጣል። ላይብረሪው ያን ጊዜ ሌሊቱን በግማሽ ወይም በሰባት የሚከፍል ደንብ ይጠቀማል። ቴስቶቹ የአዲስ አበባና የመካ ብቻ ከሆኑ ይህ የኮዱ ክፍል አንዴም ሳይነካ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል።

ከሁሉም የሚያስተምረን ግን የሊባኖስ ጉዳይ ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2023 ረመዳን በገባበት ቀን የአገሪቱ መንግሥት፣ ጾመኞች በሰዓቱ አቆጣጠር ቀደም ብለው እንዲያፈጥሩ፣ ሰዓት ወደፊት የሚገፋበትን ቀን ወደ ሚያዝያ አራዘመ። አንዳንድ ተቋማት አልተቀበሉትም፤ አገሪቱ ለቀናት በሁለት ሰዓት ኖረች፤ ውሳኔውም ተሻረ። የዓለም የሰዓት ቀጠናዎች የሚመዘገቡበት ቲዜድ ዳታቤዝ ለውጡን አስገብቶ መጋቢት 23 አዲስ እትም አወጣ፤ መጋቢት 28 ደግሞ ሌላ እትም አውጥቶ ሻረው።

ላይብረሪው የሚያሰላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ወደ ቤይሩት ሰዓት የሚመልሰው ይህ መዝገብ ነው። ሊኑክስ በሲስተሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ጃቫ የራሱን ቅጂ ይዞ ይመጣል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የራሱ የተለየ አመዳደብ አለው። ስለዚህ ኮዱ ሳይነካ ያው ቴስት በሦስት ማሽን ሦስት ዓይነት ውጤት ሊሰጥ ይችላል። እኛ የሚሻለው ብለን የምናምነው፣ ኮድ ሲለወጥ የሚሠራው ቴስት አንድ የታወቀ የመዝገቡን እትም እንዲጠቀም ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ቴስቱ ከወደቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮዱ ይሆናል። ከዚያ ለብቻው በየሳምንቱ በአዲሱ እትም የሚሠራ ሌላ ፍተሻ ይኑር።

ይህ ሳምንታዊ ፍተሻም ጠባቂ ይፈልጋል። ጊትሃብ ላይ ለ60 ቀናት እንቅስቃሴ ባልታየበት የሕዝብ ሪፖዚተሪ በጊዜ ቀጠሮ የሚሠሩ ፍተሻዎች ይቆማሉ። ሥራው ያለቀለት፣ ለወራት ማንም ያልነካው ላይብረሪ ፍተሻው የሚቆመው በዚህ ነው፤ ገጹ ላይ ግን የመጨረሻው አረንጓዴ ምልክት እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ማሽኖቹም ይለወጣሉ፦ በ2024 «የቅርብ ጊዜው ማክ» የሚለው ምርጫ ከኢንቴል ወደ አርም ዞረ፤ በ2025 ኡቡንቱ 20.04 ከአገልግሎት ወጣ። እንዲህ ያለ ጥገና ማንም አያመሰግንበትም፤ አማና ግን ነው።

ፕሮግራሚንግ ለጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች የምንመክረው መግቢያ የሐረር፣ የጅማ ወይም የደሴን ሰዓቶች በቴስት ፋይል መልክ አዘጋጅቶ ለላይብረሪው ጠባቂዎች መላክ ነው። ሰዓቶቹን ከመስጂድ ሠንጠረዥ ስትወስዱ በየትኛው ዘዴ እንደተሰሉ ኢማሙን ጠይቁ፤ ዘዴው ካልታወቀ ፋይሉ አይጠቅምም። ሰዓቱንም በአገራችን አቆጣጠር ሳይሆን በ24 ሰዓት ጻፉት፤ የማታው 12፡14 እዚያ 18፡14 ነው።