ትዕግሥት ከሸክም ሥር



«ታገሥ» የሚለው ቃል ለሌላው ሲነገር ቀላል ነው። ከዓመታት በፊት ልጇን ወደ ቀበረች አንዲት እናት ቤት ገብተን ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ብዙ ተናገርን። እርሷም በትሕትና ሰምታን ካበቃች በኋላ፣ «አባቴ፣ ትዕግሥቱንስ አላጣሁም፤ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ነው ያጣሁት» አለችን። ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ ይወቅሰናል።

አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ትዕግሥት «ሂፖሞኔ» ይባላል፤ ከሸክም ሥር ጸንቶ መቆየት ማለት ነው። ሸክሙን እንደሌለ መቍጠር አይደለም። ኢዮብን ስናነሣ ብዙዎቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች እናስታውሳለን፤ ከ3ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግን ያለቅሳል፣ ይሟገታል፤ ሙግቱን ይዞ የሚሄደው ግን ወደ እግዚአብሔር ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ ከኢዮብ አስቀድሞ የሚያነሣው ዝናብን የሚጠብቀውን ገበሬ ነው። ይህን ምሳሌ የጎጃም ገበሬ ከእኛ ከካህናቱ ይልቅ ያውቀዋል። ዝናቡን ማዘዝ አይችልም፤ ቢሆንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ለጤፉ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፣ ያለሰልሳል፣ ዘርቶም ያርማል። የክርስቲያን ትዕግሥትም እንዲሁ ሥራ አለበት።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚሁ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ ይህም ከትምህርት አላገዳቸውም። መንኵሰው የመጻሕፍትን ምሥጢር እየመረመሩ ብዙ ዘመን ቆዩ። በ1841 አቡነ ያዕቆብ ከምንላቸው ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ተጓዙ፤ ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር የተባበሩት ግን በ1844 ነው። ለሦስት ዓመት ያህል አሰላስለዋል ማለት ነው፤ ዕድሜያቸውም ከኀምሳ አልፎ ነበር። በ1851 ክህነት ተቀበሉ።

በ1854 በጎንደር ታሰሩ። በማግሥቱ ዓመት ሞት ተፈረደባቸው፤ በእንግሊዙ ቆንስል በፕላውደን አማላጅነት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲጓዙ ቆይተው በ1855 እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ። (ይህን የምናወሳው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ አባ ገብረ ሚካኤልን ያስተማሯቸው የእነርሱው መምህራን ናቸው።)

በእነዚያ ወራት ከሞት ተርፎ በሰንሰለት መኖር ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር እናስብ። አንድ ቃል ቢናገሩ ይፈቱ ነበር። ያን ቃል አልተናገሩም።

እኛም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት የተዘጋ መንገድና የተቋረጠ ትምህርት አይተናል፤ ሐዘንም ያልገባበት መንደር ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ቶሎ መደምደም፣ በእኛ አስተያየት፣ የሰውን በደል በእግዚአብሔር ላይ መጫን ነው። የተበደለ ሰው ፍትሕ ቢጠይቅ ትዕግሥት አጣ አይባልም፤ ቂምን እንዳያሳድር ግን እንለምነዋለን።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ይህን ትምህርት ከማቅረባችሁ በፊት በየቁምስናችሁ ሐዘን ወይም ሕመም ያለበትን ቤት ጎብኙ። መጽሐፉን ከመግለጣችሁ አስቀድሞ ተቀመጡ፤ እነርሱ ይናገሩ። ከዚያ በኋላ፣ ከወደዱ፣ ያዕቆብ 5ን አብራችሁ አንብቡ።