በርሜሉ ሲጎድል ፍሰቱም ይጎድላል፦ የናፍጣ ታንከርን በባልዲና በሰዓት መለካት

አንድ ሕንፃ ላይ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ 40 ደቂቃ ያህል እንደሠራ እየጠፋ አስቸገረን። ፊልትሮ ተቀየረ፣ የናፍጣ ፓምፑ ወርዶ ተፈተሸ፣ ከመስመሩ አየር ወጣ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ግን ያው ነው። በሦስተኛው ቀን አንዱ ልጅ ናፍጣ ሊጨምር የታንከሩን ክዳን ሲፈታ አየር «ፉሽ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ለካ ታንከሩ ቀለም ሲቀባ መተንፈሻውም አብሮ ተደፍኖ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መፍቻ ከማንሣቴ በፊት ባልዲና ሰዓት እይዛለሁ።

ፍሰት ማለት በደቂቃ ስንት ሊትር ወጣ ማለት ነው፤ ለመለካት ውድ ቆጣሪ አይጠይቅም። የምለው ግን ለናፍጣ ነው። ቤንዚን በዚህ መንገድ አይለካም፤ ትነቱ በተራ የአየር ሙቀት እንኳ እሳት ይይዛል። ናፍጣም ቢሆን ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ሲጋራ ርቆ፣ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚቀዳው።

መጀመሪያ ዕቃውን ይለኩ። 20 ሊትር የምንለው ቢጫ ጀሪካን እስከ አፉ ከሞላ ከ20 ያልፋል፣ ስለዚህ በስሙ አይመኑት። የብረት ባልዲ ሚዛን ላይ አስቀምጠው 10 ኪሎ ውሃ ይጨምሩበት፤ ውሃው የደረሰበት ቦታ 10 ሊትር ነውና በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። ከዚያ ውሃውን ደፍተው በደንብ ያድርቁት፤ ናፍጣ ውስጥ የገባ ውሃ ሌላ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ የታንከሩን ሆድ ይወቁ። የቆመ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጡ ወደ 57 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ወደ ውስጥ በሚገባው የመለኪያ ዘንግ ላይ ናፍጣው 1 ሳንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር 2.6 ሊትር ያህል ወጥቷል። ባለ አራት ማዕዘን ታንከር ከሆነ ርዝመቱንና ስፋቱን በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚደርሰው ነው። የተጋደመ ክብ ታንከር ግን ያታልላል። ዘንጉ የከፍታውን ሩብ ሲያሳይ ውስጡ ያለው 20 በመቶ አይሞላም፣ አንድ አሥረኛውን ሲያሳይ ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የቀረው። «ሩብ አለን» ብለው ተኝተው እኩለ ሌሊት ላይ በጨለማ የነቁ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ቫልቩን ሙሉ ለሙሉ ከፍተው የመጀመሪያውን ትንሽ ናፍጣ በሌላ ዕቃ ይቀበሉ፤ በጎማው ውስጥ የተኛው አየር ይውጣ። ከዚያ ባልዲውን ደቅነው እስከ መስመሩ የሞላበትን ሰከንድ ይያዙ። ይህን በርሜሉ ሲሞላ፣ ሲጋመስና ወደ ታች ሲወርድ ይድገሙት። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መደምደም ነው ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው።

ለምሳሌ ናፍጣው ከመውጫው በላይ 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 10 ሊትር በ25 ሰከንድ ወጣ እንበል፤ በደቂቃ 24 ሊትር ማለት ነው። ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ባልዲው በ35 ሰከንድ ገደማ ይሞላል። 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀር 50 ሰከንድ ይፈጃል፣ ፍሰቱም ወደ 12 ሊትር ይወርዳል። ናፍጣውን የሚገፋው የራሱ ክብደት ስለሆነ ከፍታው ሩብ ሲሆን ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ያስገርማል። በርሜሉ ሙሉ ሳለ የለካነውን ይዘን 200ን ለ24 ብናካፍል «በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ባዶ ይሆናል» እንላለን። በተግባር 17 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ወደ እጥፍ መሆኑ ነው። ሰዓት ለመቆጠብ ከፈለጉ በርሜሉን ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ይስቀሉት። ጎማው በናፍጣ ተሞልቶ እስከ ፈሰሰ ድረስ ከፍታው የሚቆጠረው ከናፍጣው ገጽ እስከ ጎማው ጫፍ ነው። 1 ሜትር ላይ የተሰቀለ በርሜል ፍሰቱ ይጨምራል፤ ሊያልቅ ሲል እንኳ ፍሰቱ ከመጀመሪያው ሰባ በመቶ በታች አይወርድም።

የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የምግብ ዘይት ውፍረቱ ከናፍጣ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፤ በቀጭን ጎማ ውስጥ ሲሄድ ከፍታው በግማሽ ሲወርድ ፍሰቱም በግማሽ ይወርዳል። የጎማው ስፋት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ግማሽ ስፋት ባለው ጎማ የሚወጣው ወፍራም ዘይት አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር በብርዳማ ጠዋት የለኩትን ከቀትሩ ጋር አያወዳድሩ።

መተንፈሻውን ለመፈተሽ ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው አንድ ባልዲ ይቅዱ፣ ከዚያ ክዳኑን ፈትተው ይድገሙት። ሁለቱ ሰዓቶች ቢበዛ በሁለት ሰከንድ ከተለያዩ ደህና ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ናፍጣው እየቀጠነ ከሄደ ወይም ከተንቆራቆረ መተንፈሻው ተደፍኗል። አዲስ አበባ ላይ በታንከሩ አናት 50 ሊትር አየር ብቻ ካለና 80 ሳንቲ ሜትር ናፍጣ ከሥሩ ካለ፣ 5 ሊትር እንኳ ሳይወጣ ፍሰቱ ሊቆም ይችላል። እኛ ሦስት ቀን የደከምንበት ነገር ይኸው ነበር።

ጄኔሬተሩስ ስንት ይፈልጋል? 100 ኬቪኤ የሆነ ጄኔሬተር በሙሉ ጭነት በሰዓት ከ20 እስከ 25 ሊትር ገደማ ይበላል፤ በደቂቃ ግማሽ ሊትርም አይሞላም። ስለዚህ 24 ሊትር የሚያወርድ መስመር ሞልቶ ተርፎታል። ነገር ግን ፓምፑ ከሚቃጠለው በላይ ስቦ ትርፉን በመመለሻው ጎማ ወደ ታንከሩ ይልካል፤ የመስመሩን ስፋት ሲመርጡ ያንንም ያስቡ። ፍጆታውን ለማወቅ ባልዲ አይረዳም። ዘንጉን አንብበው፣ ጭነቱ ሳይለዋወጥ ለአንድ ሰዓት አሠርተው እንደገና ያንብቡ። በቆመ በርሜል ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ከወረደ 23 ሊትር ግድም በልቷል።

ዘበኛውን ከመጠርጠርዎ በፊት ደግሞ ሙቀቱን ያስታውሱ። 200 ሊትር ናፍጣ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.6 ሊትር ያህል ይሸማቀቃል፤ ማታ የታየው በጠዋት ጎድሎ ቢገኝ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲ ሜትሩ ሌባ የለውም።

ቁጥሮቹን ከነቀናቸው በታንከሩ ጎን ይጻፏቸው፦ 80 ላይ 25 ሰከንድ፣ 40 ላይ 35፣ 20 ላይ 50። ከወራት በኋላ 80 ላይ ለክተው 35 ሰከንድ ካገኙ መጀመሪያ መተንፈሻውን ይዩ። እሱ ደህና ከሆነ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ለየብቻ ይለኩ። ልዩነት ካለ ፊልትሮው ይቀየራል። ከሌለ ግን ፍሰቱን ያጠበበው አተላ የታንከሩ መውጫ አፍ ላይ ነውና ናፍጣውን አውርዶ ሥሩን ማጠብ ነው።