የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ታሪክ ምንጭ፦ አነባበቡና ዕጣ ፈንታው

አጠቃሎ

በታሪክ ትምህርት ለባችለር ኦፍ አርትስ (ቢ.ኤ.) ዲግሪ ማሟያ የሚቀርበው የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ምረቃ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቆየውን ልማድ መነሻ በማድረግ፣ እነዚህ ሥራዎች ለአካባቢ ታሪክ ያላቸውን የምንጭነት ዋጋ፣ ሲነበቡ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄና ልማዱ ዛሬ የገጠመውን ችግር ይመረምራል። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ዘላቂ ዋጋ ያለው ከተማሪው ትንታኔ ይልቅ በመረጃ አሰባሰቡ ላይ ነው፤ ስለዚህ በቅድሚያ ሊጠበቅ የሚገባው ይኸው ክፍሉ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ቃላዊ ምንጭ፣ የአካባቢ ታሪክ፣ መረጃ አቀባይ፣ የመውጫ ፈተና

መግቢያ

የቢ.ኤ. ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ቆይታው በአብዛኛው የሚማረው ሌሎች የደረሱበትን ዕውቀት ነው። ገለጻ ያዳምጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ የተመደበለትን ምዕራፍ ያነባል፣ ይፈተናል። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ሲጠየቅ ግን ይህ ግንኙነት ይገለበጣል። ተማሪው አማካሪው የማያውቀውን ነገር አጥንቶ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። ከዚያ በፊት የነበሩት ኮርሶች ሁሉ ለዚህ ሥራ እንደ መሰናዶ ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ያም ሆኖ በተግባር የመመረቂያ ጽሑፉ ለደንቡ ያህል የሚሠራ፣ ከምረቃ በኋላ ማንም የማያነበው ወረቀት ተደርጎ ይታያል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያን የአካባቢ ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ከእነዚህ ሥራዎች ውጭ መራመድ እንደማይችል በፍጥነት ይገነዘባል። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ምንጮች የሚመለከት አንባቢ፣ ከውጭና ከሀገር ውስጥ ምሁራን ሥራዎች ጎን የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ተጠቅሰው ያገኛል። አንድ ጽሑፍ በአንድ በኩል እንደ ግዴታ ብቻ እየታየ በሌላ በኩል የታሪክ ምንጭ የሆነው እንዴት ነው? ቀጥሎ ያሉት ክፍሎች ይህን ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራሉ።

የልማዱ አመጣጥና የጥንካሬው ምክንያት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ፣ በኮሌጁ የተቋቋመው የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎች ከየትውልድ አካባቢያቸው የሰበሰቡትን የባህልና የትውፊት መረጃ በመጽሔቱ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ኮሌጁ በ1961 እ.ኤ.አ. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ካደገና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ፣ የመመረቂያ ጽሑፎችን ከሌሎች የሀገር ነክ ሰነዶች ጋር አንድ ላይ የማቆየት ዕድል ተፈጠረ።

በዚያ ዘመን የተጻፉት ሥራዎች ጥንካሬ ቢያንስ ከሦስት ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ይመስላል። አንደኛው፣ የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተቋቋመም ነበር። ስለዚህ በሀገር ውስጥ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ከፍተኛው የምርምር ሥራው የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፉ ነበር፤ ዛሬ ለማስተርስ የሚቆየው ርእስ ያን ጊዜ ለቢ.ኤ. ይቀርብ ነበር። ሁለተኛው፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። ተማሪው ከአገልግሎት ሲመለስ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ሀገር በዓይኑ አይቶ፣ ከአካባቢ ሰዎች ጋር ተዋውቆ ነበር። ሦስተኛው፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚያጠኑትን አካባቢ ቋንቋ በአፍ መፍቻነት ያውቁ ነበር። የውጭ ተመራማሪ በአስተርጓሚ የሚያገኘውን እነርሱ በቀጥታ ይሰሙ ነበር።

ይህ ሂደት በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ምክንያት ለጊዜው ተቋርጧል። ትምህርት ከቀጠለ በኋላም የመመረቂያ ጽሑፉ በታሪክ ትምህርት የምረቃ መስፈርትነቱን ይዞ ቆይቷል።

ጽሑፎቹ የያዙት ምንድን ነው?

የታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ ከሌሎች የሚለየው በመጨረሻው ላይ በሚያያይዘው የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በተለምዶ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቦታና ቀን፣ አንዳንዴም ሰውየው ስለ ምን ጉዳይ በይበልጥ እንደሚያውቅ ይገልጻል። ብዙ አንባቢ ይህን ገጽ አልፎት ይሄዳል፤ ለተመራማሪ ግን ከጽሑፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ገጽ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የ80 ዓመት አዛውንት የነበሩ መረጃ አቀባይ በዐድዋ ጦርነት ጊዜ የ6 ዓመት ልጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር ደግሞ የ45 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ስለ ምኒልክ ዘመን ሹማምንት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ገበያ ቦታዎች አመሠራረት፣ ስለ አርበኝነት ዘመን የተናገሩት ከራሳቸው ትውስታ ወይም ከወላጆቻቸው በቀጥታ ከሰሙት ነው። ዛሬ እነዚያን ሰዎች ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም። ቃለ መጠይቁ የተጻፈበት ደብተር አብዛኛውን ጊዜ ከተማሪው ጋር ስለሚሄድ፣ ከምስክርነቱ የሚቀረው በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የገባው ብቻ ይሆናል።

ከዚህ አንጻር የጽሑፉ ትንታኔ ደካማ መሆኑ ምንጭነቱን አያጠፋውም። የ22 ወይም የ23 ዓመት ወጣት ስለ ሀገሪቱ የፖለቲካ ሥርዓት የሰጠው ድምዳሜ ሊያረጅ ይችላል። በአንድ ወረዳ ሦስት ሽማግሌዎች ስለ ግብር አከፋፈል የነገሩት ዝርዝር ግን በትክክል ተመዝግቦ ከሆነ አያረጅም።

እንዴት ይነበቡ?

የምንጭነት ዋጋ አላቸው ማለት እንዳሉ ይወሰዳሉ ማለት አይደለም። አራት ጥንቃቄዎች በተለይ አስፈላጊ ናቸው።

የመጀመሪያው የትርጉም ጉዳይ ነው። ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የሀገር ቋንቋ ሲሆን ጽሑፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ መካከል ጽንሰ ሐሳብ ይጠፋል። ለምሳሌ ገባርና ጭሰኛ በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ግብር የሚከፍል ባለርስትና የሰው መሬት እያረሰ እርቦ ወይም ሲሶ የሚሰጥ አራሽ አንድ አይደሉም። ርስት በትውልድ የሚገኝ የመሬት መብት ሲሆን ጉልት ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው፤ ሁለቱም በደፈናው የመሬት ባለቤትነት ተብለው ሲተረጎሙ የአንድ አካባቢ ማኅበራዊ ግንኙነት ይዛባል። አንባቢው ከእንግሊዝኛው ቃል በስተጀርባ ሽማግሌው የተናገሩት የትኛውን ቃል እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። ጥሩ ተማሪ የሀገሩን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ ትቶለት ከሆነ ሥራው ይቀላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ከጎርጎርዮሳዊው በ7፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ ወር ያልተጠቀሰበት ዓመት ሲለወጥ ስሕተት ይፈጠራል። ጣልያን ወረራውን የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ዓመት የሆነው ይህ ጊዜ በጎርጎርዮሳዊው 1935 እና 1936 ሆኖ ይከፈላል። መረጃ አቀባዩ «በ28» ብለው የተናገሩትን ተማሪው ወደ አንዱ ብቻ ለውጦት ከሆነ፣ አንድ የአካባቢ ክስተት ከጦርነቱ መጀመሪያ ወደ ከተማዋ መያዝ ወይም በተቃራኒው ሊዛወር ይችላል።

ሦስተኛው የምስክሮች ነጻነት ነው። ስለ አንድ አካባቢ የተጻፉ ሁለት የመመረቂያ ጽሑፎች አንድ ነገር ቢናገሩ ማረጋገጫ ይመስላል። የመረጃ አቀባዮቹ ዝርዝር ሲነጻጸር ግን ሁለቱም የጠየቁት አንድን ታዋቂ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የኋለኛው ከፊተኛው ወስዶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው። በተጨማሪም ያን ቫንሲና ስለ ቃላዊ ትውፊት በጻፏቸው ሥራዎች እንዳስገነዘቡት፣ በጽሑፍ የታተመ ነገር ተመልሶ ወደ አፍ ሊገባ ይችላል። በእኛ ሀገር የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጻሕፍት በትምህርት ቤቶች በሰፊው ስለተነበቡ፣ የተማረ መረጃ አቀባይ የሚናገረው ከአባቱ የሰማውን ነው ወይስ ያነበበውን የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መነሣት አለበት።

አራተኛው የተናጋሪውና የዘመኑ ጉዳይ ነው። በዝርዝሮቹ ውስጥ ግራዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች የሚል ማዕርግ ያላቸው ወንዶች ጎልተው ይታያሉ፤ ሴቶች፣ የእጅ ባለሙያዎችና ጭሰኞች እምብዛም አይገኙም። ስለ መሬት የተነገረው ታሪክ እንግዲህ በአብዛኛው የባለመሬቱ ታሪክ ነው። ከአብዮቱ በፊት የጻፈ ተማሪ ስለ ዘውዱ የሚለውን፣ ከአብዮቱ በኋላ የጻፈው ደግሞ ስለ ፊውዳሊዝም የሚለውን በዘመኑ መመዘን ያስፈልጋል።

የልማዱ ዛሬ

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ የቢ.ኤ. ዲግሪ በሦስት ዓመት ይሰጥ ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት የመጀመሪያ ዓመት ተመልሶ ትምህርቱ አራት ዓመት ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂዎች ሁሉ ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ወስደው 50 ከመቶ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል።

የመውጫ ፈተናው የራሱ ጥቅም አለው፤ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረቁ ተማሪዎችን በአንድ መለኪያ ያያል። ነገር ግን ምርጫ የሚቀርብበት ፈተና የሚለካው ተማሪው የተማረውን ማወቁን ነው፤ ያልታወቀን ነገር ፈልጎ ማግኘት መቻሉን አይለካም። የመጨረሻው ዓመት ጊዜ ወደ ፈተናው ዝግጅት ሲያዘነብል፣ ለመስክ ሥራ የሚቀረው ጊዜ ይጠባል። የተማሪ ቁጥር በበዛባቸው ቦታዎች ጽሑፉ በቡድን እንዲሠራ ሲደረግም፣ ማን ማንን እንደጠየቀ ማወቅ ያስቸግራል። ኮምፒውተር ጽሑፍ ማቀናበር በቻለበት በዚህ ዘመን፣ የተማሪውን ሥራ የራሱ የሚያደርገው ሄዶ ያነጋገረው ሰው መኖሩ ነው።

ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ሊፈጸሙ የሚችሉ አራት እርምጃዎችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር የተሟላ መሆኑ በግምገማ ነጥብ ውስጥ ይካተት። ሁለተኛ፣ በመረጃ አቀባዩ ፈቃድ በእጅ ስልክ የተቀዳው ድምፅ ከጽሑፉ ጋር ለቤተ መጻሕፍት ገቢ ይሁን፤ በ1960ዎቹ ተማሪ እጅ ያልነበረው መሣሪያ ዛሬ በየኪሱ አለ። ሦስተኛ፣ ቃለ መጠይቁ በተካሄደበት ቋንቋ የተገለበጠ ቅጂ በአባሪነት ይያያዝ። አራተኛ፣ ሥራው በቡድን ከሆነ እያንዳንዱ አባል ያነጋገራቸው ሰዎች ተለይተው ይመዝገቡ።

ማጠቃለያ

የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ለተማሪው የምርምር መግቢያ፣ ለተከታዩ ተመራማሪ ደግሞ ምንጭ ነው። ሁለተኛው ጥቅም የሚገኘው ግን የመጀመሪያው በታማኝነት ሲሠራ ብቻ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ጎልማሳ የነበረው ትውልድ አልፏል፤ ያን ጊዜ ልጅ የነበሩትም በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። የ1966ቱን አብዮት፣ የመሬት አዋጁንና የ1977ቱን ድርቅ በጎልማሳነት ያዩት ግን ዛሬ ሽማግሌዎች ሆነው በየወረዳው አሉ። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የሚመረቁ የታሪክ ተማሪዎች እነርሱን ለመጠየቅ ጊዜና አማካሪ ያገኙ እንደሆነ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ስለዚያ ዘመን የሚጻፈው ታሪክ ምን ዓይነት ምንጭ እንደሚኖረው የሚወሰነው አሁን ነው።