በር ላይ ለምትገናኙት ባልና ሚስት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሐሙስ ልጠይቃችሁ አሌክሳንድሪያ ስመጣ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንተ ከሌሊት ሥራ ስትገባ እሷ ለጠዋት ሺፍት የጫማዋን ክር ታስር ነበር። የመኪናውን ቁልፍ በር ላይ ተቀባበላችሁ። «ቤንዚን የለውም» አልካት፣ «እሺ» አለችህ፣ አለቀ። እኔና ባለቤቴም በዲቪ የመጣነው እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ነው። ያንን በር አውቀዋለሁ።

አገር ቤት አዲስ ጎጆ ለወጡ ሰዎች ሳይጠራ የሚደርስ ብዙ ነው። ያኮረፉትን የምታስታርቅ አክስት፣ ስትወልዱ የምታርስ እናት፣ «ቡና ደርሷል» ብላ የምትጣራ ጎረቤት አለች። እዚህ ያ ሁሉ የሰው ሥራ በሁለታችሁ ጫንቃ ላይ ወድቋል፤ ይህን ግን ቀድሞ የነገራችሁ የለም። እኔ ልንገራችሁ።

1. በሳምንት አንድ ማዕድ አይቅርባችሁ። በመጀመሪያው ዓመታችን ባለቤቴ ከቀትር በኋላ ገብቶ እስከ እኩለ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ እኔ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ የሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። የምንነጋገረው ፍሪጅ ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነበር። መጀመሪያ «ወጡን አሙቀህ ብላ፣ ጾምህን እንዳትተኛ» እለው ነበር። የካቲት ላይ ወረቀቱ «ኪራይ» ብቻ ሆነ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ወዳጄ «ጢሙን መቼ ተላጨው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ለካ ከተላጨው ሳምንት አልፎታል። አንድ አልጋ ላይ እያደርን አላየሁትም። ዛሬም ሳስታውሰው ሆዴን ይበላኛል።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴ የረቡዕን ሺፍት ተወ። የአንድ ቀን ደመወዝ ቀረብን፤ ለዚያን ጊዜው ኪሳችን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ረቡዕ ማታ ግን አንድ ገበታ ቀርበን፣ እየተጎራረስን፣ የሳምንቱን ወሬ እስኪያልቅ አወራን። እናንተም አንድ ማታ ምረጡና ለአለቆቻችሁ አሁኑኑ ንገሩ። በኋላ የመኪና ዕዳ ሲጨመርበት ሺፍት መተው ይከብዳችኋል።

2. ቡና ሲፈላ ሰው ጥሩ። እኔ መጀመሪያ የቆላሁ ቀን የጭስ ማንቂያው ጮኸ፤ ከታች ያለችው ጎረቤታችን፣ የኤልሳልቫዶር ሴት፣ ደንግጣ በሩን ደበደበችው። አስገባኋትና እስከ በረካ ቆየች። ከዚያ በኋላ የቡናው ሽታ ሲደርሳት ዳቦዋን ይዛ ትመጣለች። ልጆቼን ከትምህርት ቤት ስትቀበልልኝ የኖረችው እሷ ናት። ማንቂያውን ግን ባትሪውን እንዳትነቅሉ፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብርታችሁ ቁሉ። ምጣድም ከአገር ቤት አስመጣለሁ እንዳትሉ፤ እዚያ 220 ቮልት ነው፣ እዚህ 120፣ ግሎ አይጋግርላችሁም። እዚህ ብዙዎቻችን የምንጋግርበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ኖርዌዮች ሌፍሳ ለሚሉት ስስ ቂጣቸው የተሠራ ነው። እሱን ግዙ።

3. ለቤተሰብ የምትልኩትን ሁለታችሁም እያወቃችሁ ላኩ። በድብቅ የተላከ መቶ ዶላር ሳጥን ውስጥ እንደገባ ብል ነው። ለእሷ እናት ስንት፣ ለአንተ እናት ስንት፣ ለታናናሾች ትምህርት ስንት፣ ለሕመምና ለለቅሶ የሚቀመጥ ስንት፣ ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ እምቢ የሚለው የራሱ ልጅ ይሁን። ወንድምህ የመኪና መግዣ ሲጠይቅ «አልችልም» የሚለው ካንተ አፍ ይውጣ። ከእሷ ከወጣ ወይም አንተ ዝም ካልክ «ሚስቱ ከለከለችው» ይባላል። በእኔ ደርሶብኛል። አማቴ እውነቱን የሰሙት አገር ቤት ሄጄ ፊት ለፊት ስንገናኝ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ስትደውሉም አብራችሁ ደውሉ። እዚህ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን እዚያ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር ላይ የእዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ የእነሱ 3 ሰዓት ይሆናል። እናቶቻችሁ ሳይተኙ ሁለታችሁንም ጎን ለጎን ይዩአችሁ።

4. ወረቀታችሁ ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ይግባ፤ ሁለታችሁም የት እንዳለ እወቁ። ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለፖስታ ቤት መንገር ብቻውን አይበቃም። ሳይከፈል የቆየ ዕዳ ክሬዲታችሁ ላይ 7 ዓመት ይቀመጣል። ለዜግነት የምትጠብቁት 5 ዓመትም ከ6 ወር በላይ ውጭ ከቆያችሁ ሊቋረጥ ስለሚችል ለጥየቃ ስትሄዱ ቀን ቁጠሩ። የኪራይ ውሉና የባንክ ሒሳቡ በሁለታችሁም ስም ይሁን። ባሏ ድንገት ታሞ ሲተኛ የቤት ኪራይ በየት በኩል እንደሚከፈል ያላወቀች ሴት አይቻለሁ።

5. እንግሊዝኛው ቀድሞ የገባው በሌላው ፈንታ አይናገር። ሐኪሙ እሷን ሲጠይቅ አንተ አትመልስ። ቀስ ብላም ቢሆን ትናገር፤ ሲያቅታት አስተርጓሚ ትጠይቅ፣ ሆስፒታሎች በስልክም ቢሆን በነጻ ያቀርባሉ።

6. ስትጣሉ እናታችሁ ጋ አትደውሉ። እናንተ ሲነጋ ትታረቃላችሁ፤ እሷ ግን መጥታ ፊታችሁን ማየት ስለማትችል ወር ሙሉ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሽማግሌ አሁን፣ በሰላሙ ጊዜ ምረጡ። ከሁለታችሁም ወገን ያልሆኑ፣ ወሬ የማያወጡ ባልና ሚስት ፈልጉና ቤታቸው ሄዳችሁ «ከተጣላን እናንተ ጋ ነው የምንመጣው» በሏቸው። እኛ እንዲህ ያልናቸው ሰዎች ሦስት ጊዜ አስታርቀውናል፤ አንዱን ሌሊት ከሲልቨር ስፕሪንግ በበረዶ ነድተው መጥተው።

እጅ ማንሳት ግን በሽማግሌ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ልጄ፣ አንቺን ነው የምለው፤ ቢመታሽ 911 ደውይ፣ ቀጥሎ ለእኔ ደውይ። «ሰው ምን ይለኛል» ብለሽ እንዳትቀመጪ። አንተም ስማኝ። እዚህ አገር ሚስቱን መትቶ የተፈረደበት ሰው ግሪን ካርዱን አጥቶ ከአገር ሊባረር ይችላል። እኔ ግን ካርዱን ፈርተህ እንድትተው አልፈልግም። ይቺን ልጅ ከእናቷ እጅ ተቀብለህ፣ ውቅያኖስ አሻግረህ፣ ካንተ በቀር ዘመድ ወደሌላት ከተማ ያመጣሃት አንተ ነህ።

7. ስትፀንሱ ማን እንደሚያርስ ቀድማችሁ አስቡ። እናቴ ቪዛ ታገኛለች ብላችሁ አትተማመኑ፤ ብዙ እናቶች ይከለከላሉ። አንድ ዓመት የሞላችሁበት መሥሪያ ቤት 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ሕጉ ለእናትም ለአባትም እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ሥራችሁ ይጠበቅላችኋል፤ ሕጉ ግን ደመወዝ ክፈሉ አይልም፣ ስለዚህ ከአሁኑ ቆጥቡ። አንተ ደግሞ ገንፎ ማገንፋት ተማር። ባለቤቴ እናቴ በስልክ ካርድ እየነገረችው አገነፋ። የመጀመሪያው ጓጎለ፣ ሁለተኛው አረረ። ሦስተኛውን መሐሉን ጎድጉዶ፣ ቅቤና በርበሬ አድርጎ አልጋዬ ድረስ ሲያመጣልኝ አለቀስኩ።

8. ብርዱ ሲገባ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ያኔ ሆድ ሲብሳችሁ ትዳሩ የተበላሸ አይምሰላችሁ። ቀን ብርሃን ሳለ ወጥታችሁ ተራመዱ።

9. ይሄኛው ከባድ ነው። አንድ ቀን ከአገር ቤት መርዶ ይመጣል። እሱን በፌስቡክ ወይም መኪና እየነዳችሁ በስልክ መስማት የለባችሁም። ለቤተሰቦቻችሁ የአንድ ሰው ስልክ ስጡና «እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ለእኛ ሳትነግሩ መጀመሪያ እዚህ ደውሉ» በሏቸው። ያ ሰው ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ለሥራ ሳትወጡ በራችሁን ያንኳኳል፤ አብሯችሁ ያለቅሳል፣ ለአለቃችሁ ይደውላል፣ ልጆቻችሁን ይይዛል።

እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነው። ከሌላ ስቴት የደወለ ዘመድ ሰምታለች ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አንሶላውን አጥፌ ጨረስኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

የእኔን ቁጥር ስጧቸው። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።