እናቴን ከኮንዶሚኒየም ላውጣቸው?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ጉልበታቸው ደረጃውን አልችል ብሏል። ቤቱን ሸጠን ከከተማ ዳር ግቢ ያለው ቤት ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ እኔ አልመክርም። አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ያለ ሊፍት ስለተሠሩ ችግርዎ የብዙ ቤተሰብ ችግር ነው። ነገር ግን አረጋዊ ሰው የሚኖረው በክፍሎቹ ብቻ አይደለም፤ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ቡና የሚያጣጡት ጎረቤቶች ሁሉ ቤቱ ናቸው። ከእነዚህ የራቀ ሰፊ ግቢ ብቸኝነትን ያመጣል። ስለዚህ የእናንተን ቤት አከራይታችሁ እዚያው ሳይት ውስጥ ምድር ቤት ተከራዩ። ብዙው ምድር ቤት ሱቅ ስለሆነ ፍለጋው ትዕግሥት ይጠይቃል።

እስከዚያው መታጠቢያ ቤቱን አስተካክሉ፤ እርጥብ ሴራሚክ አረጋውያንን በቀላሉ ይጥላል። ከመጸዳጃው መቀመጫ አጠገብ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ በደንብ ይታሰር፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ማታ የሚበራ መብራት ይኑር። ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ተነጋግራችሁም የደረጃውን መደገፊያ አስጠግኑ፣ መተላለፊያው ላይ የተደረደሩትን ጄሪካኖች አስነሡ። ምድር ቤት ስትገቡ መግቢያው ደረጃ ካለው ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያለው ተዳፋት ይሠራ።

ምንም ከመወሰንዎ በፊት ግን እናትዎን ይጠይቋቸው።